የጠያቂዎች አለቃ ሲታመሙ

ሥራ በጀመርኩ ዕለት የተረጎምኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰው አስቆጣ።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሆሊውድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ጎን ለጎን እየተማርኩ የሕክምና አስተርጓሚነት ፈተና አለፍኩ። ከዚያም የሀበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ብዙም የማይርቅ አንድ ሆስፒታል በደም ካንሰር ክፍሉ «ፔሸንት ናቪጌተር» አድርጎ ቀጠረኝ። እናቴ በስልክ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «በሽተኛ መንገድ እንዳይጠፋበት የምታደርግ» አልኳት። «ዘበኛ ነሽ?» አለችኝ። በደረጃ ከነርስ በታች፣ ከበር ጠባቂው ትንሽ ከፍ ያልኩ ስለነበርኩ ብዙም አልተሳሳተችም።

አለቃዬ ግሎሪያ የምትባል ነርስ ነበረች። ባጄን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና ደንቡን ነገረችኝ። «ክፍል ውስጥ የተባለውን ሁሉ ትተረጉሚያለሽ። ምንም አትጨምሪም፤ ምንም አትቀንሺም።»

የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ፤ ከልጃቸው ጋር መጥተዋል። ሐኪሙ አፉን ከመክፈቱ ልጁ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «እህቴ፣ ካንሰር የሚለውን ዝለዪው» አለኝ። እኔ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ ደንብ ደንብ ነው። ወደ ሐኪሙ ዞሬ «ልጃቸው ካንሰር የሚለውን ዝለዪው ይላል» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ልጁ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። እናትየው ግን መሳቅ ጀመሩ። «ልጄ» አሉት፣ «እኔ እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውን ባለፈው ሳምንትም ሰምቼዋለሁ። ዝም ያልኩት አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።» ሐኪሙ ምን አሉ ሲለኝ ያንንም ተረጎምኩለት።

ስንወጣ ግሎሪያ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። «የእኛ ሰው በሽታ ሲደባበቅ መሃል ገብቼ እንጀራ ልበላ ነው» አልኳት። ለቀልድ ነበር ያልኩት። ነገር ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ ሥራዬ በአብዛኛው እሱ ሆነ።

መልቲፕል ማየሎማ ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር ነው። ጀርባ ያሳምማል፣ ደም ያሳንሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ጨርሶ አይነቀልም፤ ግን እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት በመድኃኒት ተይዞ ለዓመታት ሊኖሩበት ይቻላል። ጥቁር ሰው ላይ ይበረታል፤ ሕክምናው ግን ወደ ጥቁር ሰው ሲመጣ እግሩ ይከብዳል። ሆስፒታሉ እኔን የቀጠረው ለዚህ ነበር። ቀጠሮ እይዛለሁ፣ መኪና እልካለሁ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት አሳድዳለሁ፣ ክኒን በየቀኑ ሳጥን እደለድላለሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ አስተረጉማለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ለጥቁር ሕሙማን የመደጋገፊያ ቡድን ወንበር እደረድራለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ጠዋት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጋሼ ይልማን አየኋቸው። ፌርፋክስ ላይ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዋናው ማዕረጋቸው ግን የእድራችን የጥየቃ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ነው። አንድ ሰው ታመመ ከተባለ ጋሼ ይልማ ስልክ ያነሳሉ፣ መኪና ይደለድላሉ፣ የትኛው ሆስፒታል የትኛው በር ላይ ለስላሳ ጥበቃ እንዳለ ያውቃሉ። «ሁለት ጠያቂ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ክፍል አሥራ አራት ሰው አስገብተዋል። እኔ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ባደረግኩ ጊዜ ይዘውት የመጡት ሰው ብዛት አጠገቤ የተኛችውን ሴትዮ አስገርሟት፣ በአገሬ ምን ሹመት እንደነበረኝ ጠይቃኛለች።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አልኳቸው።

«ሰው ልጠይቅ ነው።»

«ማንን?»

«አንድ ወዳጄን ነው። አታውቂውም።»

ስማቸውና የልደት ቀናቸው የተጻፈበት የሆስፒታሉ የወረቀት አምባር እጃቸው ላይ ታስሯል። አየሁት። እሳቸውም ማየቴን አዩና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ «ሚስተር ይልማ» ብላ ተጣራች። አልተንቀሳቀሱም። ሁለተኛ ስትጣራ «ጋሼ፣ ወዳጅዎን እየጠሩት ነው» አልኳቸው። ተነሡ።

ውስጥ ገብተን በሩ ሲዘጋ «አሰለፈች» አሉኝ፣ «ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።»

«ባወራ ከሥራ ያባርሩኛል። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ግን እርስዎ አይደሉ እንዴ በየሰዉ ራስጌ ቁጭ ብለው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት?»

«እላለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ለሌላ ሰው ነዋ የምለው።» ኮታቸውን አውልቀው እግራቸው ላይ አጣጠፉ። «ስሚኝ። ክፍሉ ውስጥ የምንለውን አልፈራም። ይማርህ ነው የምንለው። የምፈራው ወጥተን ስንሄድ ሊፍት ውስጥ የምንለውን ነው። ሃያ ዓመት እዚያ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ። በሩ እንደተዘጋ እሱ እንኳ አለቀለት የምለው እኔ ነኝ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በሉት።

ከመድኃኒቶቻቸው አንዱ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ስቴሮይድ ነበር። የስቴሮይድ ቀን እንቅልፍ የለም፣ ጉልበት ግን ሞልቷል። ጋሼ ይልማ ታክሲያቸውን ሁለት ጊዜ ያጥባሉ፣ የአፓርታማውን ኮሪደር ከዳር እዳር ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እኔ ቁርስ ሳልበላ ይደውሉልኛል። «አሰለፈች፣ በርባንክ ኤርፖርት ታክሲ የሚያሰልፉበት መንገድ ትክክል አይደለም። ሶ፣ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ነው።» በማግስቱ ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ይቀመጣሉ። እድርተኛው ግን የሚያገኛቸው በጉልበታቸው ቀን ስለነበረ ይልማ እንደገና ልጅ ሆነ እያለ ያወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ወሬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደስ አላቸው።

ረቡዕ ቡድኑ ጋር እንዲገቡ ጋበዝኳቸው። ወረቀቱን አነበቡት።

«የጥቁር ሕሙማን ነው የሚለው» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ሀበሻ ነኝ።»

«ማየሎማው ይህን አልሰማም።»

አኮረፉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ሀበሻ የለበትም?» አሉ።

«አንድም የለም።»

«ማንም የሚያውቀኝ የለም ማለት ነው። ኦኬ፣ እገባለሁ።»

የቡድኑ ምሰሶ ሚስ ሎሬታ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ በማየሎማ ንቅለ ተከላውንም ሁሉንም አልፈዋል። ጋሼ ይልማ ታክሲ ነጂ እንደሆኑ ሲሰሙ «የአውቶቡስ ማቆሚያዬ ላይ ስትገተሩ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ» አሏቸው። ጋሼ ይልማ ካዱ። ሚስ ሎሬታ መንገዱን፣ ማዕዘኑንና የታክሲውን ቀለም ጠሩ። ጋሼ ይልማ አንድ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በዚያው ወዳጅ ሆኑ፤ ረቡዕን ከቤተ ክርስቲያን ቀጥለው የሚያከብሩት ቀን አደረጉት።

«ማን ነው የሚያግዝህ?» አሏቸው ሚስ ሎሬታ አንድ ቀን።

«ማንም።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው እንኳ የለህም?»

«ሦስት መቶ ሰው አለኝ» አሉ ጋሼ ይልማ። «ችግሬ እሱ ነው።»

በአምስተኛው ወር መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቶ ስለነበር ሐኪማቸው ንቅለ ተከላ እናድርግ አለ። እኔ ተረጎምኩ። የሚገባባቸው የማን ሴል እንደሆነ ጠየቁ።

«የራስዎ ነው» አለ ሐኪሙ።

«የራሴን አውጥታችሁ ለራሴ ልትመልሱልኝ?»

«አዎ። መሃል ላይ በሽታውን የሚጠርግ ጠንካራ ኬሞ እንሰጥዎታለን። ያኔ መቅኔዎ ባዶ ይሆናል። ያወጣነውን ስንመልስልዎት እንደገና ደም መሥራት ይጀምራል።»

«የኤርፖርት ፍተሻ በይው፤ ሻንጣህን ወስደው ፈትሸው ለራስህ ይመልሱልሃል» አሉኝ። ለሐኪሙ ተረጎምኩለትና እሱም ከዚያ በኋላ ለሌሎች በሽተኞች እንደዚያው ሲል ሰምቼዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ቀልድ አልነበረበትም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንድ ወር ያህል ቀን ከሌት አብሯቸው የሚሆን አስታማሚ ያስፈልጋል። ስሙ እስከሚቀጥለው ዓርብ ካልተመዘገበ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል። «መድኃኒቱ በሽታውን አሁን ይዞልናል» አለ ሐኪሙ። «እስከ መቼ እንደሚይዝልን አላውቅም። ይህን ጊዜ ባናሳልፈው እመርጣለሁ።»

እኔ ልሁን ብዬ ግሎሪያን ለመንኳት። ሠራተኛ ስለሆንሽ አይቻልም አለችኝ። ሚስ ሎሬታም እኔ አለሁ ብለው ነበር፤ ሐኪማቸው ከለከላቸው። ጋሼ ይልማን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩ ብዬ በየቀኑ ጨቀጨቅኳቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«አስታማሚ ተገኝቷል። ወንድሜ ነው።»

«ወንድም አለዎት እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለኝ።»

ወንድም የተባለው ሙላት ነበር። እኩያዬ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ከጋሼ ይልማ ኋላ ታክሲ የሚያሰልፍ፣ እሳቸው ያሉትን የማይጥል ሰው። የነገሩት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የወረቀት ጉዳይ አለብኝ፤ ዓርብ ኢንተርቪው አብረኸኝ ትገባና ወንድሙ ነኝ ትላለህ።» በእኛ ሰው ዘንድ የወረቀት ጉዳይና ኢንተርቪው በአንድ ላይ ከተጠሩ ሌላ ነገር የለም፤ ኢሚግሬሽን ነው። ሙላት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አደረ። ኢንተርቪው ለምን ሆስፒታል እንደሆነ ሲጠይቃቸው «በዚያው ጀርባዬን ያዩልኛል» ብለውታል።

ዓርብ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ብብቱ ሥር የፎቶ አልበም ይዞ መጣ። አስታማሚዎችን የምትመዘግበው የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ቅጿን አወጣችና ፈገግ አለችለት። ሙላት አልሳቀም። ቀኝ እጁን አንስቶ ለመማል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሚስተር ይልማን ምን ያህል ጊዜ ታውቃቸዋለህ?» አለችው።

«ከተወለድኩ ጀምሮ። አንድ እናት ነው የወለደችን። የቤታችን በር አረንጓዴ ነበር። አባታችን ሁለት በቅሎ ነበራቸው።»

ተረጎምኩ። እሷ ጻፈች። ጋሼ ይልማ ጣራ ጣራውን ያያሉ።

«መኪና ትነዳለህ?»

«በሕጋዊ ፈቃድ። ታክስም አስተጓጉዬ አላውቅም።»

«ቤታቸውን በንጽሕና መያዝ ትችላለህ?»

«የጥርስ ብሩሹ ሰማያዊ ነው» አለ ሙላት። «የሚተኛው በቀኝ ጎኑ ነው። ሽንኩርት አይወድም።» አልበሙን ገለጠና የእድሩን ሽርሽር ፎቶ አሳያት። «ይሄ እሱ ነው። ይሄ እኔ ነኝ። ይሄ የታረደው በግ ነው።»

ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ በጉን ጭምር። ሶሻል ወርከሯ ልቧ ተነካ። በሥራ ዘመኗ እንዲህ የሚዋደዱ ወንድማማቾች አይታ እንደማታውቅ ነገረችን።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። «እንደምታውቀው ወንድምህ ያለባቸው የደም ካንሰር ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት ሳምንታት መከላከያ አይኖራቸውም። ተራ ጉንፋን እንኳ ሊገድላቸው ይችላል።»

ጋሼ ይልማ ሕመማቸው ለአስታማሚው እንዲነገር ፈርመዋል። ሳስፈርማቸው ቃል በቃል አንብቤላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኦኬ ኦኬ እያሉ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። አሁን ዞሬ አየኋቸው።

«ንገሪው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንቺ ካልነገርሽው እኔ አልነግረውም።»

ነገርኩት። ሙላት አልበሙን ዘጋ። ከረባቱን አላላ። ወደ ጋሼ ይልማ ዞረ።

«ጀርባዬን ነው ያሉኝ እኮ» አለ።

«ጀርባዬንም ያመኛል።»

«ይህን ሁሉ ወር ከኋላዎ ሰልፍ ይዤ?»

ሶሻል ወርከሯ ምን እያሉ ነው አለችኝና ተረጎምኩላት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ያንን መቀነስ አልቻልኩም።

ሙላት በከረባቱ ጫፍ ዓይኑን ጠረገና በራሱ እንግሊዝኛ «ወንድሙ አይደለሁም» አላት። «በሩንም በቅሎዎቹንም ፈጥሬ ነው። ሙቀት መለኪያ እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ።»

አስታማሚ ለመሆን ወንድም መሆን አያስፈልግም ነበር አለች ሴትዮዋ። ጋሼ ይልማ ወደ እኔ ዞረው «ይሄን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ነግሬዎታለሁ። የስቴሮይድ ቀን ነበር፤ የሚናገሩት እርስዎ ነበሩ።»

ቅጹ ላይ የሙላት ስም ተጻፈ። አልጋው ተያዘ።

ሙላት ግን ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የግድ መሥራት አለበት። የሚተካው ያስፈልጋል። ረቡዕ ጋሼ ይልማ ይህን ለሚስ ሎሬታ አማከሩ። «ለሰው መንገርና ለሰው በር መክፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው» አሏቸው። «እኔ የምፈልገውንና የማልፈልገውን ጽፌ ቤተ ክርስቲያኔ ውስጥ አስነበብኩ። ሦስት ሰው ተቀየመኝ። ሌሎቹ ምግብ አመጡልኝ፣ በሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ፌርፋክስ ላይ በአንድ ምግብ ቤት የውስጠኛ ክፍል ተሰበሰበ። እኔም እንደ እድርተኛ ገብቼ ከጥግ ተቀመጥኩ። ጋሼ ይልማ እንደ ልማዳቸው ደብተራቸውን ይዘው ተነሡ። «የዛሬው አጀንዳ አንድ በሽተኛ ነው» አሉ። «ሕመሙ የደም ካንሰር ነው። በሽተኛው እኔ ነኝ። ጥየቃ የለም።»

የኮሚቴው አንጋፋ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው «የለም ስትል ምን ማለትህ ነው?» አሉ። «ጉልበቴን ኦፕሬሽን ባደረግኩ ጊዜ አንተ ሦስት መኪና ሰው ጭነህ መጥተህ እኔ ልቅር? ሰው ምን ይለኛል?»

«እትዬ፣ ብትጠይቁኝ እሞታለሁ። ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ካልጠየቅኩህ እኔ እሞታለሁ።»

ክርክሩ ምሳ ፈጀ። በመጨረሻ ጋሼ ይልማ ሃያ ዓመት ለሰው ያወጡትን ድልድል ለራሳቸው አወጡ። ሁለት ሰዎች ሙላትን ይተካሉ፤ ጉንፋን ቢጤ የተሰማው ቀድሞ ያሳውቃል። አንድ ሰው አስቤዛ በር ላይ ያደርሳል። ሌላው በተራ በስልክ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይጠይቃል። «ከሳህ» ማለት ተከለከለ። እትዬ የሺ በዚህኛው ላይ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

ንቅለ ተከላው ተደርጎ ቤታቸው በገቡ የመጀመሪያው እሑድ እትዬ የሺ ሠላሳ ያህል ሰው አስከትለው መጡ። በር አላንኳኩም። ከአፓርታማው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ተሰለፉና ወደ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ማየት ጀመሩ። የሕንጻው ኃላፊ ሰላማዊ ሰልፍ መስሎት ጥያቄያቸው ምን እንደሆነ ሙላትን ጠየቀው። «ጥያቄ የላቸውም» አለው ሙላት፣ «እየጠየቁ ነው።» ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ። ጋሼ ይልማ ጸጉራቸው ረግፎ መስኮቱ ላይ ቆሙና እጃቸውን አወዛወዙ። እትዬ የሺ ከታች ደወሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ከስተሃል» ነበር። ሙላት ስልኩን ተቀብሎ ዘጋው።

ሙላት አስታማሚነቱን እንደ ሹመት ነው የያዘው። ማንኪያ ይቀቅላል፣ የበር እጀታ ይወለውላል፣ የጋሼ ይልማን ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ለክቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ከሥራ ቀኖቹ አንዱን ረቡዕ አድርጎ፣ በዚያው ወደ ረቡዕ ቡድኑ ጎራ እያለ ሚስ ሎሬታን ምክር ይጠይቅ ነበር። ጋሼ ይልማ «ደርግም እንዲህ አልጠበቀኝም» ብለው በስልክ ከሰሱልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ይልማ ብርድ ብርድ ብሏቸው ተነሡ። ደንቡን ያውቁታል፤ መለኪያው በፋራናይት ከመቶ ነጥብ አራት፣ በአገራችን መለኪያ ከሠላሳ ስምንት፣ ካለፈ ወዲያውኑ ይደወላል። ሆስፒታል መመለስ ግን አልፈለጉም። ሙላት እጁን ሲታጠብ ወጥ ቤት ገብተው አፋቸውን በበረዶ ሞሉት። ይህን በኋላ ሁለቱም ነግረውኛል። ሙላት መለኪያውን ከምላሳቸው ሥር አድርጎ ለካ፤ ዘጠና ስምንት አለ። ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ጽፎ ሲጨርስ ግን የሚስ ሎሬታ ነገር ትዝ አለው። «ትኩሳት ሲመጣበት በረዶ ይበላል» ብለውት ነበር። «ሁላችንም በልተናል። ጥርጣሬ ከገባህ ሩብ ሰዓት ምንም ሳታቀምሰው ጠብቅና እንደገና ለካ።» ሙላት ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፣ ሰዓቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጋሼ ይልማ ስለ ታክሲ አወሩት፣ ስለ እድር አወሩት። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ መለኪያው መቶ አንድ ነጥብ ስድስት አለ።

«አንድ ሰዓት ብቻ እንየው» አሉት። «ለማንም ሳንነግር።»

«አንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለም» አላቸው ሙላት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሉትን ጣለ። ወደ ክፍላችን ደወለ፣ ማስክ አደረገላቸው፣ ደግፎ ታክሲው ውስጥ አስገባቸው።

ተሽከርካሪ ወንበር ይዤ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከናፍራቸው ደርቆ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ገብተው ሰዓት ሳይሞላ መድኃኒቱ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ደማቸው ውስጥ ኢንፌክሽን መጀመሩን ነገረን። «እስከ ማታ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁ ሌላ ነገር ነበር» አለ። ለሙላት እንዳለ ተረጎምኩለት። ሙላት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ሆኜ አለቀስኩ፤ ግሎሪያ አይታ እንዳላየች አለፈች።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ለኮሚቴው ተነገረ?» ብለው ነው።

«ተነግሯል። እትዬ የሺ ታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ናቸው። ሊፍት እንዳይሳፈሩ አስምለናቸዋል።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። ቆይተው «ብቻዬን ብሆን አልደውልም ነበር» አሉኝ። «በረዶዬን እበላና እተኛ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሼ ይልማ አሁንም አሉ። በሽታው አልተነቀለም፤ ተይዞ ነው ያለው። ረቡዕ ወንበር የሚደረድሩት እሳቸውና ሚስ ሎሬታ ናቸው፤ ስለ አውቶቡስ ማቆሚያው ክርክራቸው አላለቀም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ቅጹን መሙላት ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፦ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል? ማንም ካሉኝ ቅጹን አስቀምጬ ከዚያ እጀምራለሁ። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው። ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት የሚጠብቅዎት ግን መታመምዎን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።